የብርድ ሀገር እረኞችና የኮልፌ ተሸካሚዎች፦ በሰው ልጅ የኃይል ፍጆታ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሰው አካል በአንድ ቀን ምን ያህል ኃይል ያወጣል የሚለው ጥያቄ ለብዙዎች የቤተ ሙከራ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በጤና ጣቢያ ለሚያገለግል ነርስ ወይም ጤና መኮንን ግን ጥያቄው በየዕለቱ ጠረጴዛው ላይ የሚቀርብ ነው። ክብደቷ የቀነሰ እናት ስትመጣ «ምን ይመገባሉ?» ተብላ ትጠየቃለች፤ «ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» ተብላ የምትጠየቅበት ጊዜ ግን አነስተኛ ነው። ገቢው ይመዘገባል፣ ወጪው ይዘለላል። ወጪው ያልታወቀ ሒሳብ ደግሞ ትክክለኛ ሚዛን ሊሰጥ አይችልም።

የወጪውን ወገን በጥንቃቄ ከመረመሩት ጥናቶች መካከል እጅግ ብርዳማ በሆኑ አካባቢዎች እየተዘዋወሩ ከብት በሚያረቡ ሕዝቦች ላይ የተደረጉት ይገኙበታል። እነዚህ ጥናቶች ስለ ሩቅ ሀገር ሰዎች የተጻፉ ቢሆኑም፣ በአግባቡ ከተነበቡ ለኮልፌ ቀራንዮ ጤና ባለሙያ የሚነግሩት ቁም ነገር አላቸው። ያለ ጥንቃቄ ከተነበቡ ግን «የሰው አካል ሁሉንም ይለምዳል» ለሚል አደገኛ ድምዳሜ በር ይከፍታሉ። የዚህ ሂስ ዓላማም ሁለቱን ንባቦች ለይቶ ማሳየት ነው።

በሳይቤሪያ የተለካው

ኤቨንኪዎች በማዕከላዊ ሳይቤሪያ ደን ውስጥ አጋዘን የሚያረቡ ሕዝብ ናቸው። በሶቪየት ዘመን በጋራ እርሻ ተደራጅተው ከፊላቸው በመንደር እንዲሰፍሩ ቢደረግም፣ መንጋውን ተከትሎ የመንቀሳቀሱ ሥራ አልቀረም። ፒተር ካትዝማርዚክ፣ ዊሊያም ሌናርድ፣ ማይክል ክራውፎርድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የኤቨንኪዎችንና የጎረቤቶቻቸውን የኬቶችን በዕረፍት ጊዜ የሚወጣ ኃይልና የቀን ሙሉ ፍጆታ መርምረዋል። ሌናርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሰፋ ያለ ንጽጽር ደግሞ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች መሠረታዊ የኃይል ፍጆታ፣ ማለትም አካል ምንም ሳይሠራ ለመኖር ብቻ የሚያወጣው ኃይል፣ በተለመዱት ቀመሮች ከሚገመተው በላይ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያው አካባቢ የሚኖሩ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎችም መጠነኛ ጭማሪ ታይቶባቸዋል፤ ይሁን እንጂ የነባሮቹን ያህል አልነበረም። ለዚህም የታይሮይድ ሆርሞን ድርሻ እንዳለው ተመልክቷል።

የጥናቶቹ ጥንካሬ ግልጽ ነው። ግምትን በልኬት ተክተዋል፤ አንድ ቀመር ለዓለም ሕዝብ ሁሉ እንደማይበቃም አሳይተዋል። ይህ ነጥብ በሌላ አቅጣጫም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1985 በሾፊልድ የተዘጋጁትና እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ቀመሮች ከተመሠረቱባቸው ሰዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጣሊያናውያን ነበሩ። ሄንሪና ሪስ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳመለከቱት እነዚህ ቀመሮች የሞቃት ሀገር ነዋሪዎችን ፍጆታ ከእውነተኛው አብልጠው ይገምታሉ። እንግዲህ ቀመሩ ለሳይቤሪያው እረኛ ያንሳል፣ ለቆላው ገበሬ ይበዛል። በደጋ ለሚኖር የአዲስ አበባ ሠራተኛ የትኛው እንደሚስማማ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

የጥናቶቹ ወሰንም ሊጤን ይገባል። መሠረታዊ የኃይል ፍጆታ የሚለካው ሰውየው በሞቀ ክፍል ውስጥ ሳይበላ ተጋድሞ ሳለ ነው። በበረዶ ላይ መንጋ ሲጠብቅ የሚያወጣውን አይነግርም። ከዚህም ሌላ ኤቨንኪውን ከብርድ የሚያድነው በመጀመሪያ ሆርሞኑ አይደለም፤ የአጋዘን ቆዳ ልብሱ፣ ድንኳኑና ምድጃው ነው። አካል የሚከፍለው ልብስና ቤት ሸፍነው የተረፈውን ዕዳ ብቻ ነው። ልብሱና ቤቱ ከጎደሉ ዕዳው በሙሉ ወደ ሥጋ ይዞራል።

ይህ እውነት ለኢትዮጵያ ደገኛ እንግዳ አይደለም። በመንዝ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ለጌጥ አልተፈጠረም። በባሌ ከብትን በወቅት ወደ ደጋ የማውጣት ልማድ፣ ጎዳንቱ የሚባለው፣ እረኞችን ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የሳነቴ አምባ ያደርሳል፤ በዚያም በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። እንደ ሳይቤሪያ የከፋ ባይሆንም፣ እረኛው በልብስ፣ በእሳትና በምግብ መካከል የሚያደርገው ምርጫ ያው ነው።

ከመመሪያው የወጣው ብርድ

ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ብርድን ሁልጊዜ አልዘነጉም ነበር። የምግብና እርሻ ድርጅት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ሪፖርት 10 ዲግሪ ሴልሺየስን መነሻ አድርጎ፣ የአካባቢው ሙቀት በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የኃይል ፍላጎት በ3 በመቶ እንዲጨመር፣ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ በ5 በመቶ እንዲቀነስ መክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ሪፖርት ይህ ማስተካከያ ቀረ። ሰዎች በብርድ አካባቢ በልብስና በማሞቂያ ራሳቸውን ስለሚከላከሉ፣ የቁጥር ማስተካከያ ለማድረግ በቂ መሠረት የለም ተባለ።

ውሳኔው በሳይንስ ረገድ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ መቶኛዎቹ በጠንካራ ማስረጃ ላይ የቆሙ አልነበሩምና። ነገር ግን በውስጡ አንድ ያልተነገረ ግምት ይዟል፤ ይኸውም ማንኛውም ሰው የሚለብሰውና የሚሞቀው አለው የሚል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ የአዲስ አበባ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ሰዓት፣ በላስቲክ ጫማና በስስ ነጠላ ወደ ተራራ የምትወጣ ሴት በዚህ ግምት ውስጥ አትገባም። በሐምሌ ዝናብ የራሰ ልብስ ለብሳ የምትመለሰውም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። ከባድ ሸክም የተሸከመ አካል ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በሥራ ላይ ሳለች ተሸካሚዋ ብርድ ላይሰማት ይችላል። ብርዱ የሚበረታው ጎህ ሳይቀድ በመንገድ፣ ላብ ካላባት በኋላ ስታርፍና ሌሊት ቀጭን ልብስ ለብሳ ስትተኛ ነው። በአዲስ አበባ ከብርዱ ይልቅ ትልቁን ወጪ የሚያስከትለው ሥራው ነው። ስለዚህ የሳይቤሪያን ቁጥር እንዳለ ወደ ኮልፌ ማምጣት ስሕተት ይሆናል። ሊመጣ የሚገባው ቁጥሩ ሳይሆን የአሠራሩ ሥርዓት፣ ማለትም የሰውን ውሎ መዝኖ ፍላጎቱን ማወቅ ነው።

በኮልፌ ሸክም ላይ የሚሠራ ስሌት

ኮልፌ ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አጠና ተራ ስሙን ያገኘው ለቤት መሥሪያ ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ነው፤ አጠናው ደግሞ በሰው ትከሻ ይጫናል፣ ይወርዳል። ከእንጦጦ ሰንሰለት ቅጠልና ጭራሮ አስረው በጀርባቸው ወደ ከተማዋ ሰፈሮች የሚወርዱ ሴቶችም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምጣድ አሙቀዋል። ፍቅርተ ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1991 በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በኩል የታተመ ጥናት በእነዚሁ እንጨት ተሸካሚ ሴቶችና በከተማዋ ዙሪያ ባለው ደን ላይ አቅርበዋል። ሴቶቹ ለሌላው ማብሰያ የሚሆነውን ማገዶ የሚያቀርቡት ከራሳቸው ምግብ ያገኙትን ኃይል በመክፈል ነው።

ክፍያው ስንት ነው? የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በሮም በተደረገ ስብሰባ ተመክሮበት በ2004 የታተመው ሪፖርት ስሌቱን ያስችላል። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 60 ዓመት ውስጥ የሆነ፣ 45 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት እንውሰድ ቢባል፣ መሠረታዊ ፍጆታዋ በቀን 1,211 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ሪፖርቱ ቀላል ኑሮ ለሚኖር ሰው ይህን ቁጥር ከ1.40 እስከ 1.69፣ መካከለኛ ለሚንቀሳቀስ ከ1.70 እስከ 1.99፣ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ከ2.00 እስከ 2.40 እንዲባዛ ያዛል። በ1.5 ሲባዛ 1,817፣ በ2.0 ሲባዛ ደግሞ 2,422 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ልዩነቱ 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ ይህም ከ160 ግራም የሚበልጥ የጤፍ ዱቄት ማለት ነው። ሁለቱም ሴቶች በሚዛን ላይ ሲቆሙ አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው ውሏቸውን በመጠየቅ ብቻ ነው።

ስለ ሸክም ዋጋ በሰፊው የታወቀ አንድ ጥናት አለ። ማሎይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 በኬንያ ሴቶች ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ሴቶቹ እስከ ራሳቸው ክብደት 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ያለ ተጨማሪ ኃይል መሸከም እንደሚችሉ ዘግበዋል። ግኝቱ ዓለምን አስደንቋል፤ የአፍሪካ ሴት ሸክም የማይከብዳት እስኪመስልም ተጠቅሷል። ነገር ግን ለ45 ኪሎ ግራም ሴት 20 በመቶ 9 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ የእንጨት እስር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ከ20 በመቶ በላይ ወጪው ከሸክሙ ጋር እንደሚጨምር ያው ጥናት ራሱ ያስረዳል። ሎይድና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ ሴቶች ላይ ባደረጉት ጥናት «ነጻ ሸክም» የሚባለውን አላገኙም፤ በሰውና በሰው መካከል ሰፊ ልዩነት እንዳለ ግን አይተዋል። የመጀመሪያው ርእስ ይታወሳል፤ ወሰኑና ቀጣዩ ጥናት ይረሳሉ። አንባቢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህን ዓይነቱን መረሳት ነው።

የቀረው ጥያቄ

የአዋቂዎችን የቆየ የኃይል ጉድለት ለመለየት ጄምስ፣ ፌሮ-ሉዚና ዋተርሎው እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ሐሳብ ሁለት መለኪያዎችን አጣምሮ ነበር፤ የክብደትና የቁመት ምጥጥንን እና የእንቅስቃሴ ደረጃን። ምጥጥኑ ከ17 እስከ 18.5 ባለው ክልል ውስጥ የሆነ ሰው፣ እንቅስቃሴው ከመሠረታዊ ፍጆታው ከ1.4 እጥፍ በታች ከሆነ ጉድለት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቀጭን ቢሆንም ጤነኛ ነው ይባል ነበር። እንቅስቃሴን በመስክ መለካት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ፌሮ-ሉዚና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1992 አሠራሩን አቃለሉት፤ ከ18.5 በታች የሆነ ምጥጥን ብቻውን መለያ ሆነ።

ማቃለሉ ለሥራ አመቸ፤ ቀላል መለኪያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በአጭር ጊዜ ለመመርመር ያስችላልና። ሆኖም በዚያው ጊዜ የውሎ ጥያቄ ከቅጹ ወጣ። ወደ ቀድሞው መመለስም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የ1988ቱ ሐሳብ የራሱ ጉድለት ነበረበት። እንቅስቃሴን የጤና ምልክት አድርጎ ሲወስድ፣ እንቅስቃሴው በፈቃድ ነው ብሎ ገምቷል። ተሸካሚዋ የምትንቀሳቀሰው ግን አቅም ስለተረፋት ሳይሆን ልጆቿ በማታ የሚበሉት ስለሚያስፈልጋቸው ነው። በዚያ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ሸክሟ ራሱ የጤንነቷ ምስክር ይሆን ነበር። ጉድለቷን ሊያሳይ የሚገባው ነገር ጉድለቷን ይሸፍን ነበር ማለት ነው።

የ1985ቱ ዓለም አቀፍ ሪፖርት በዚህ ረገድ የተሻለ መንገድ ጠቁሞ ነበር። የኃይል ፍላጎት ሰዎች ሲበሉ በተገኙት መጠን ሳይሆን በሚያወጡት ኃይል መወሰን እንዳለበት አስቀመጠ። ከመተዳደሪያ ሥራ ሌላ ለቤተሰብና ለማኅበራዊ ኑሮ የሚውለውን እንቅስቃሴም እንደ ተገቢ ፍላጎት ቆጠረው። ምግብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸኛው ነው። ሸክሙ አይቀነስም፤ የሚቀነሰው ከልጅ ጋር መጫወት፣ ጎረቤት መጠየቅ፣ ቤት ማጽዳት ነው። ይህ ቅነሳ በየትኛውም ሚዛን ላይ አይታይም፤ በሕፃኑ ዕድገት ላይ ግን ይታያል።

«ለምዶታል» የሚለው ቃል

ዴቪድ ሴክለር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1982 «ትንሽ ግን ጤነኛ» የሚል አስተሳሰብ አቅርበው ነበር። በመጠነኛ የምግብ እጥረት ያደጉና አካላቸው ያነሰ ሰዎች ከሁኔታው ጋር ተጣጥመዋል፣ በመሆኑም እንደ በሽተኛ ሊቆጠሩ አይገባም የሚል ነበር። ሐሳቡ ከህንዱ ሐኪም ከጎፓላን፣ በኋላም ከማርቶሬልና ከሌሎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። የተቃውሞው ፍሬ ነገር፣ አካልን ያሳነሰው ሂደት ራሱ በበሽታ፣ በሞትና በሥራ አቅም ማነስ ዋጋ ያስከፍላል የሚል ነው።

የብርድ ሀገር እረኞችን ጥናት ለሴክለር አስተሳሰብ ድጋፍ አድርጎ ማንበብ አይቻልም። እንዲያውም ተቃራኒውን ይመሰክራል። የኤቨንኪው መላመድ በትንሽ መኖር ሳይሆን ብዙ ማቃጠል ነው፤ ብዙ ማቃጠል ደግሞ ብዙ መብላትን ይጠይቃል። በሰሜን ተራሮች ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናትም በተመሳሳይ ጥንቃቄ መነበብ አለበት። በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን የሂሞግሎቢን መጠናቸውና የደማቸው የኦክስጂን ሙሌት በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሙሌቱ በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ይህ ስለ ኦክስጂን የተገኘ መልስ ነው። ደገኛ ሰው ረኀብን፣ ሸክምንና ብርድን ይችላል የሚል መልስ በውስጡ የለም።

አካል በእርግጥ ወጪውን የሚቀንስበት ሁኔታ አለ፤ ግን ስሙ መላመድ አይደለም። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. አንሴል ኪስ በሚኒሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረኀብ አቆይቶ አጥንቷቸዋል። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ መሠረታዊ የኃይል ፍጆታቸውም በእጅጉ ወረደ። ከዚህ ጋር ድካም፣ የመንፈስ ጭንቀትና የማይለቅ የብርድ ስሜት ተከተላቸው። ሌላው ሰው በማይበርደው አየር እነርሱ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ይህ ምልክት በጤና ጣቢያ ልዩ ትርጉም አለው። «ብርድ መታኝ»፣ «ብርድ ብርድ ይለኛል» የሚለው አቤቱታ በየዕለቱ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት ካልተገኘ ቃሉ ከቁም ነገር ሳይቆጠር ይታለፋል። ኢንፌክሽን፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አስቀድመው ሊመረመሩ እንደሚገባ አያጠያይቅም። እነዚህ ከተመረመሩ በኋላ ግን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይቀራል፤ ነዳጁ ያነሰ አካል ምድጃውን ዝቅ አድርጎ ይሆናል። በከሳች፣ ሸክም በምትሸከምና በምታጠባ ሴት አፍ ሲነገር፣ ብርድ ስለ አየሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ኃይል ሒሳቧም መረጃ ይሰጣል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተገመገሙት ሥራዎች እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ሰጥተዋል። የሳይቤሪያው ጥናት ልኬት ከግምት እንደሚበልጥ፣ የ1985ቱ ሪፖርት ፍላጎት በወጪ እንደሚወሰን፣ የ1988ቱ ሐሳብ ክብደትና ውሎ አብረው መታየት እንዳለባቸው አሳይተዋል። ጉድለታቸው በአብዛኛው የሚመጣው ወደ አጭር ቅጽና ወደ አጭር ርእስ ሲለወጡ ነው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክብደትና ቁመት ወይም የክንድ ዙሪያ ከተለካ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ በቀን ስንት ሰዓት ይሸከማሉ ወይም ከባድ ሥራ ይሠራሉ? ሌሊት የሚለብሱትና የሚተኙበት ምን ዓይነት ነው? ምግብ ሲያጥር ከሥራዎ መካከል የሚተዉት የቱን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጉድለቱ የተሰወረበትን ቦታ ያሳያልና።

መልሱ በምክሩ ላይ ለውጥ ያመጣል። የ2004ቱ ሪፖርት በእርግዝና ሦስት ክፍለ ጊዜያት እንደ ቅደም ተከተላቸው በቀን 85፣ 285 እና 475 ኪሎ ካሎሪ እንዲጨመር ይመክራል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለምታጠባ በቂ ምግብ ያላት እናት 505፣ በምግብ እጥረት ላይ ላለች ግን 675 ኪሎ ካሎሪ ይላል፤ የኋለኛዋ ከአካሏ የምታወጣው ስንቅ የላትምና። እንግዲህ ሸክም የምትሸከም 45 ኪሎ ግራም የምትመዝን ከሲታ አጥቢ እናት በቀን ወደ 3,100 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል። «በደንብ ይመገቡ፣ ዕረፍት ያድርጉ» የሚል ምክር ብቻ ይዛ ከወጣች፣ ባለሙያው ችግሩን ለእርሷ መልሶ ሸክሟ ላይ ጨመረው እንጂ አላቀለለውም። ቁጥሩን በካርዷ ላይ አስፍሮ ወደ ተጨማሪ ምግብ አገልግሎት ወይም ወደ ማኅበራዊ ድጋፍ መምራት ግን በእጁ ያለ ሥራ ነው።

በመጨረሻም፣ «ለምዳዋለች» የሚለው ቃል በጤና መዝገብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። የብርድ ሀገር እረኛ የሚያወጣው ኃይል ተለክቶ የሚበላው ተሰልቶለታል። የኮልፌዋ ተሸካሚም ቢያንስ ውሎዋ ሊጠየቅላት ይገባል።